አባት ያልተገኘለት ጥሪ

የአሳንሰር ጥገና ድርጅት ውስጥ ተቀጥራ እየሠራች አሳንሰር የማትገባ ሰው አለች ቢባል ማን ያምናል? አለች አንዲት። ሜካኒኮቹ «ደረጃ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ በተቀጠረችበት ቀን አሳንሰሩን ትታ ወደ ደረጃው ስታመራ አዩዋትና እርስ በርሳቸው ተያዩ፣ ከዚያ አንዱ «ደረጃ!» ብሎ ጠራት፤ በዚያው ቀረ። ስድስተኛ ፎቅ ላይ ስብሰባ ሲጠራ ሌላው ሰው ቁልፍ ተጭኖ እልም ይላል፤ እሷ ላፕቶፗን አቅፋ ደረጃውን ትያያዘዋለች። ደርሳ በር ስትከፍት ግንባሯ በላብ ርሷል። «ወንበር ልቀቁላት፣ ከገደል ነው የመጣችው!» ይላሉ። ትስቅላቸዋለች፤ ግን የጥርስ ሳቅ ነው።

ቀልዱ ከዚያ አያልፍም፤ ምክንያቱን ሁሉም ያውቃልና። አባቷ እዚያው ድርጅት ሜካኒክ ነበር። እሷ ገና ፊደል ስትቆጥር አንድ ጠዋት ለሥራ ወጥቶ አሳንሰር ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ሞተ። የትኛው ሕንፃ፣ የትኛው አሳንሰር፣ ማንም አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀች። መጋረጃ ሰፊዋ እናቷ ከቀብር መልስ «ከእንግዲህ እኔና አንቺ እግራችን እስካደረሰን ድረስ ነው የምንሄደው» አለች፤ ያለችውንም አደረገች። የሰፋችውን መጋረጃ ተሸክማ የሰው ሕንፃ አናት ድረስ በእግሯ ትወጣ ነበር። አንዱን ጉልበቷን የስፌት መኪናው ፔዳል፣ ሌላውን ደረጃው ጨረሱት። ልጅቷም በዚያው ሕግ አደገች።

ታዲያ ምን አምጥቷት እዚያ ተቀጠረች? የአባቷ የልብ ወዳጅ የነበሩት ዋናው ሜካኒክ ናቸው ያስገቧት። ጋሼ ትላቸዋለች። ኮምፒውተር ተምራ ሥራ ፍለጋ ጫማዋን ስትጨርስ «የወዳጄ ልጅ እኔ በሕይወት እያለሁ ሥራ አትለምንም» ብለው ሥራ አስኪያጁን ያዙት። ጋሼ አፈ ቁጥብ ናቸው፤ ቃል የሚበዛላቸው ሲቆጡ ብቻ ነው። ስለ አባቷ ግን አንድም ቀን አንስተውላት አያውቁም። አንዳንዴ ምሳ ላይ ትክ ብለው ያዩዋትና «ብይ እንጂ» ይሏታል፤ በቃ።

እዚህ ድርጅት ውስጥ የጥሪ ክፍል የሚሉት ጠባብ ክፍል አለ። ሰው አሳንሰር ውስጥ ሲታሰርና የደወሉን ቁልፍ ሲጫን፣ ካቢኑ ውስጥ ያለችው ትንሽ የስልክ ሣጥን በራሷ ወደዚያ ክፍል ትደውላለች። ሰሌዳው ላይ የአሳንሰሩ ቁጥር ይበራል፤ ስልክ ተቀባይዋ ታነሳለች፤ «አይዞዎት፣ እየመጡልዎ ነው» ትላለች። ቀኑን ሙሉ የምትለው ይህንኑ ነው። አንድ ቁጥር ሲበራ ግን እጇን ከስልኩ ላይ ትሰበስባለች። አርባ አንድ ሲበራ።

ደረጃ ይህን ጉድ ያየችው በተቀጠረች ሰሞን ነው። ስልክ ተቀባይዋ ከወንበሯ ተነሥታ ወደ ኮሪደሩ ብቅ አለችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጋሼን ጥሯቸው» አለች። ጋሼ የያዙትን መፍቻ አስቀመጡ፣ እጃቸውን በጨርቅ አበሱ፣ ገብተው በሩን ዘጉ። ኮሪደሩ ላይ የነበሩት ሜካኒኮች ወሬያቸውን አቋረጡ። አንደኛው ቆቡን አወለቀ። ከበሩ ጀርባ የጋሼ ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ ቃሉ አይለይም፣ ግን ረጅም ነው፤ ያ አፈ ቁጥብ ሰው ያወራል፣ ያወራል። ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቷል። 

«ማን ነው የደወለው?» አለች ደረጃ፣ ስልክ ተቀባይዋን።

«ሆድ ይፍጀው፣ ተይው።»

«አርባ አንድ የት ያለ አሳንሰር ነው?»

«የትም የለም። ድሮ ተነቅሎ የተጣለ ነው።» ከዚያ ጠጋ አለቻት። «ይደውላል እንጂ አይናገርም። መስመሩ ዝም ብሎ ሽው ይላል። ግን የሆነ ሰው እያዳመጠሽ እንደሆነ ይታወቅሻል። አንዴ ሳላስተውል አንስቼው እንቅልፍ አጥቼ ሰነበትኩ።»

ደረጃን ውርር አደረጋት። ተምሬያለሁ ባይ ናት፤ እንዲህ ያለውን ወሬ በሳቅ ነው የምታልፈው። ሆኖም ከዚያ ቀን ወዲያ በጥሪ ክፍሉ በር ስታልፍ እግሯ ይፈጥን ጀመር።

ኋላ ሥራ አስኪያጁን አዲስ ሲስተም አማረው። ይህ ሰው ለራሱ አንድ ሥራ አይጨርስም፣ ለሌላው ግን ቀነ ገደብ ማውጣት ነፍሱ ነው። «አሮጌው ያገኘውን ሁሉ የሚውጥ ጆንያ ነው» አለ። «ሥርዓት ያለው ሲስተም እፈልጋለሁ። ሰኞ ሥራ ይጀምራል።» የትኛው ሰኞ እንደሆነ ለማሰብ እንኳ ፋታ አልሰጣትም፤ የሚመጣው ሰኞ ነበር።

ደረጃ ኮዷን መጻፍ ጀመረች። ነገሩ ለማያውቀው እንዲህ ነው፦ ዳታቤዙ ውስጥ ሁለት ሠንጠረዦች አሉ፤ በአንዱ አሳንሰሮቹ፣ በሌላው ከእነሱ የሚመጡት ጥሪዎች ይመዘገባሉ። ጥሪ ብቻውን አይቆምም፤ «የእንትን አሳንሰር ጥሪ ነኝ» ማለት አለበት። ይህቺን ማሰሪያ ፎሪን ኪ ይሏታል። የሙያው ሰዎች አሳንሰሩን አባት፣ ጥሪውን ልጅ አድርገው ነው የሚያወሩት። ልጅ መጥቶ አባቴ እገሌ ነው ሲል ዳታቤዙ የአባቶቹን ሠንጠረዥ ያያል፤ አባትየው ከሌለ ልጁን ከደጅ ይመልሰዋል። ቢለምኑት አይሰማም።

መጀመሪያ የገጠማት ስህተት የችኮላ ነበር። የጥሪዎቹ ሠንጠረዥ ከአሳንሰሮቹ በፊት እንዲፈጠር አድርጋ ጽፋለችና «የጠቀስሽውን ሠንጠረዥ አላውቀውም» አላት። ልጅ ከአባቱ ቀድሞ ሊወለድ! በራሷ ስቃ ቅደም ተከተሉን አስተካከለች። ሁለተኛው ደግሞ ይህ ነው፦ የአሳንሰሩ ቁጥር በአንዱ ሠንጠረዥ እንደ አሃዝ፣ በሌላው እንደ ጽሑፍ ተይዟል፤ ለሰው ዓይን አንድ ናቸው፣ ማሽኑ ግን አላገናኛቸውም። ሁለቱንም አሃዝ አደረገቻቸው። እነዚህ ማንም ጀማሪ የሚደናቀፍባቸው ናቸው።

የድሮዎቹን ጥሪዎች ወደ አዲሱ ልታስገባ ስትል ሦስተኛው መጣ። ስክሪኑ ላይ ቀይ መስመር ወጣ፦ ይህ ጥሪ የሚጠቅሰው አሳንሰር የለም፣ 41። ከሥሩ ሌላ። ከሥሩ ሌላ። እጇን ከኪቦርዱ አንስታ እስኪያበቃ ጠበቀች፤ ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች ቀላ፣ ተንከባለለ፣ እንደገና ቀላ። የዓመታት ጥሪ ነው፤ አብዛኛው ጠዋት ጠዋት፣ የቢሮ ሰው ሥራ ሳይገባ። ላም አለኝ በሰማይ ይሉሃል ይሄ ነው፤ ያ ሁሉ ልጅ የሌለ አባት እየጠራ ደጅ ተሰልፏል።

ወርክሾፕ ወርዳ ጋሼን የብረት ገመድ በግራሶ ሲያሹ አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ አርባ አንድን ከአሳንሰሮቹ መዝገብ ማን ነው ያጠፋው?»

እጃቸው ቆመ። «እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

ገመዱን አስቀመጡ። ጨርቁን አነሱ፣ እጃቸውን ሳያብሱ መልሰው ጣሉት። «አባትሽ የወደቀበት ነው» አሉ።

ደረጃ ክው አለች። ይህን ሁሉ ዘመን ያልጠየቀችው ነገር፣ ስህተት ልትፈታ መጥታ መልሱን ሰማችው።

«ከቀብሩ በኋላ አሳንሰሩን አስነቀልኩት» አሉ ጋሼ። «ቁጥሩንም ለሌላ እንዳይሰጥ አስፋቅሁት፤ ስሙ እንዳይነሣ። ሰነባበተና ደወለ። ምን ልበልሽ፣ በእጄ የነቀልኩት አሳንሰር ደወለ። አነሳሁ፤ ዝም ይላል። እየሰማኝ ነው ግን። አውቀዋለሁ እኮ፣ ሲያዳምጥ እንደዚያ ነበር ዝም የሚለው።» ከዚያ ድምፃቸው ቀነሰ። «ልጄ፣ ያቺን መስመር አትዝጊብኝ። ሌላ ነገር ለምኜሽ አላውቅም።»

ደረጃ ደነገጠች፤ ያም ሳይበቃት ቅናት ብጤ ያዛት። ለሳቸው ይደውላል! ለእኔስ? ለእናቴስ? በደረጃ ስንወጣ ስንወርድ የኖርነው? እንዲህ ማሰቧ ራሷን አሳፈራት፤ መልስ ሳትሰጥ ወጣች።

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ስትሄድ ነገሩ ለእሱ ቀላል ነበር። «አባት የሌለውን ሁሉ ጣይው። ለተነቀለ አሳንሰር ምን ጥሪ አለው?» ለመጣሉ እጇ እምቢ አላት። ማሰሪያውን ፈትታ እንዳሮጌው ሁሉንም ይዋጥ ብትል ሥርዓት የተባለው ነገር ገደል ይገባል። የውሸት አርባ አንድ ብትፈጥር ደግሞ የሌለውን አለ ማለት ነው። መጨረሻ ላይ የድሮዎቹን ጥሪዎች ለብቻቸው አስቀምጣ፣ ፎሪን ኪዋን አጥብቃ፣ በጥድፊያ ጨረሰችው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ የተፈታውም ወዲያው ነው።

ሰኞ ጠዋት አሮጌው ሰሌዳ ተነቀለ። በቦታው አዲሱ ስክሪን ተሰቀለ። ሥራ አስኪያጁ ለመጨባበጥ ሲዞር ደረጃ በራሷ ላፕቶፕ ላይ ቀይ መስመር አየች። 41። ጥሪ ክፍሉ ጸጥ እንዳለ ነው፤ ስልክ ተቀባይዋ ጥፍሯን ታያለች። ደረጃ ያን ጊዜ ገባት። ጥሪው መጀመሪያ ይመዝገብ፣ ከዚያ ስልኩ ይጩኽ ብላ ነው የጻፈችው። ያልተመዘገበ ጥሪ ስልክ አያስጮህም። ድሮ አርባ አንድ ሲደውል ቢያንስ አንድ ሰው ያነሳ ነበር። አሁን ማንም አይሰማውም፤ ያደረገችው ደግሞ እሷ ናት።

ሌላ ቀይ መስመር። ትንፋሽ ሳይቆይ ሌላ።

ዞር ስትል ጋሼ ከኋላዋ ቆመዋል። ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ነው።

«ምነው ዛሬ እንዲህ ደጋገመ?» አሉ። «እንዲህ ደጋግሞ አያውቅም። አንሺው። በሞቴ አንሺልኝ!»

«አይነሣም ጋሼ። አልተመዘገበማ።»

«ተቆጥቶ ነው። ዘጋችሁብኝ እያለ ነው።»

ሌላ ቀይ። በጠዋት ብርሃን፣ በሰው መሃል፣ የደረጃ ክንድ ላይ ያለው ፀጉር ሁሉ ቆመ። ለአፍታ እሷም አመነች፤ አባቷ ከጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ቁልፉን እየደበደበ ልጁ ራሷ በሩን እንደዘጋችበት ታያት። ማልቀስ አማራት። ከዚያ ግን ሙያዋ አዳናት። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ አይደል የሚባለው?

«ጋሼ» አለች፤ «ሙት ቁልፍ አይጫንም። ይህን ቁልፍ የሚጫን ጣት አለ።»

«የት? አሳንሰሩ የለም እኮ!»

አባት የሌለው ልጅ ካለ፣ ልጅ ያልወጣለት አባትስ? ተቀምጣ ዳታቤዙን ጠየቀችው፦ አንድም ጊዜ ደውለው የማያውቁ አሳንሰሮች የትኞቹ ናቸው? ሰሞኑን የተተከሉ ጥቂቶች ወጡ፤ እነሱን ዘለለቻቸው። ከሥር አንድ አሮጌ ቀረ። ለዘመናት ሲሠራ የኖረ፣ በሩ እየተነከሰ ሜካኒክ ስንቴ የተመላለሰበት፣ ደውሎ ግን የማያውቅ።

«ይሄማ ያ ነጃሳ አሳንሰር ነው» አሉ ጋሼ ጠጋ ብለው። «በሩ የሚያስቸግረው። ጥበቃው ነው በራሱ ስልክ ሁልጊዜ የሚጠራን።»

«ለምን በራሱ ስልክ? ውስጥ ደወል የለም?»

«አለ እንጂ፣ ሣጥን አለ…» አሉና አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። እጃቸው ወንበር ፈለገ። «ሣጥኗ» አሉ ቀስ ብለው። «አርባ አንድ ሲነቀል ሣጥኗ ደህና ነበረች። ግምጃ ቤት አስገባናት። እኛ ደህና ዕቃ አንጥልም፤ ከአንዱ ነቅለን ሌላው ላይ ነው የምንገጥም። ቁጥሯ ሆዷ ውስጥ ነው፤ የገጠማት ልጅ አልቀየረውም ማለት ነው።» ቀና ብለው ደረጃን አዩዋት፤ ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር ለጠላትም አይመኙት። «ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ከማን ጋር ነው ሳወራ የኖርኩት?»

ደረጃ ስክሪኑን አየች። ቀዩ መስመር ቆሟል። ቅድም ትንፋሽ ሳይቆይ ይመጣ የነበረው፣ አሁን የለም። ያ ጸጥታ ከሁሉ የባሰ ነበር። «ጋሼ፣ እንሂድ! የመፍቻ ሣጥንዎን ይያዙ!»

ሕንፃው አሮጌ ነው፤ ግድግዳው እስከ ወገብ በቅባት ቀለም የተቀባ፣ የመተላለፊያው አምፖል ቀን የሚበራ። በር ላይ አዲስ ጥበቃ ተቀምጧል፤ የድሮው ፈቃድ ወጥቷል። «አሳንሰሩ ተበላሽቷል፣ በደረጃ ውጡ» አላቸው፣ ሳይነሣ።

«ሰው አለበት?» አለች ደረጃ።

«እኔ ምን አውቄ!»

ምን ይሉታል እንዲህ ያለውን? ጋሼ የአሳንሰሩን ማሽን ሊይዙ ወደ ጣሪያው ደረጃውን ጀመሩት፤ ግን ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሻቸው ተቆረጠ። ደረጃ አልፋቸው ሄደች። ዕድሜዋን ሙሉ የወጣችው ደረጃ ያን ቀን ጠቀማት። በየፎቁ በሩ ላይ ጆሮዋን እየለጠፈች ወጣች። አራተኛው ፎቅ በር ላይ፣ ከብረቱ ጀርባ የሚያፏጭ አጭር ትንፋሽ ሰማች። በእጇ መታች።

«ማነው? ይሰማል?»

ትንፋሹ ቆመ። ከዚያ ከውስጥ፣ ከእሷ እግር አካባቢ፣ ቀጭን የአሮጊት ድምፅ መጣ። «ዛሬ ለምን አላወራህም?» አለ።

ደረጃ በሩ ሥር ተንበረከከች። እንደምንም «እኔ… ከአሳንሰር ድርጅት ነኝ። ልናወጣዎት መጥተናል» አለች።

«ሕያው ሰው ነሽ?»

«ሕያው ነኝ እማማ። እርስዎስ?»

«እስካሁን አለሁ። ከቆያችሁ እንጃ፤ አስም አለብኝ» አለ ድምፁ።

ጋሼ ከላይ ደርሰው ፍሬኑን በእጃቸው ለቀቁት፤ አሳንሰሩ እያቃሰተ ወረደና ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆመ። ወርደው በሩን በቁልፍ ፈለቀቁት። ውስጥ አንዲት አሮጊት የጽዳት ሠራተኛ ባልዲዋን ደፍታ ተቀምጣበታለች፤ ከንፈሯ ጠቁሯል፣ መወልወያዋን እንደ ምርኩዝ ይዛለች። ደረጃ ደፉ ላይ ቆማ እጇን ዘረጋችላት፤ እግሯ ግን ወደ ውስጥ አልገባም። ሴትየዋ ተንጠራርታ ያዘቻት፣ ወጣች፣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ በደረቷ የተሸጎጠውን መድኃኒት ሳበች። ትንፋሿ እስኪመለስ ደረጃ ጀርባዋን ደገፈቻት።

«እኔን ይድፋኝ እናቴ፣ ይቅር ይበሉን» አሉ ጋሼ።

ሴትየዋ ድምፁን ስትሰማ ደነገጠችና ወደ ግድግዳው ተለጠፈች። በእጇ አፏን ያዘች።

«ይሄ ድምፅ!» አለች። «ወዳጄ፣ ወዳጄ የሚለው! እርስዎ ነዎት? አልሞቱም?»

ነገሩ ቀስ እያለ ነው የተፈታው። የሣጥኗ ማይክሮፎን ሽቦ ተበጥሶ ኖሯል፤ ከውስጥ የሚጮኸውን አታሰማም። ስፒከሯ ግን ደህና ነው። «መጀመሪያ የታሰርኩ ጊዜ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ጮኽኩ» አለች ሴትየዋ። «ማንም አልመለሰልኝም። ከዚያ አንድ ወንድ ለሞተ ሰው ማውራት ጀመረ። የሙታን መስመር ውስጥ የገባሁ መሰለኝ፤ ትንፋሼን ዋጥኩ። ጥበቃው በሩን እስኪፈለቅቅልኝ እንዳልሰማ ሆኜ ሰማሁት። ለማን ልናገር? አበደች ብለው ከሥራዬ ሊያስወጡኝ? በሩ በታሰረ ቁጥር ያው ነው። ኋላማ ለመድኩት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለብቻ ከመታሰር ይሻላል።»

ጋሼ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። «ሰው ታፍኖ… እኔ ወሬ እያወራሁ…» አሉ እያለቀሱ። ደረጃ እኚያ ሰው ሲያለቅሱ ስታይ ትቀመጥ ትቁም አላወቀችም።

አሮጊቷ ግን ዓይኗን ደረጃ ላይ ተከለች። ከእግር እስከ ራስ አየቻት። «አንቺስ?» አለች። «በደረጃ እየሮጥሽ ነው የመጣሽው። ልጅቷ ነሽ እንዴ? የመጋረጃ ሰፊዋ ልጅ?»

ደረጃ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«ነሽ! እሰይ! ሒሳብ የወደቅሽ ጊዜ እዚህ ውስጥ አዝኛለሁ። የተመረቅሽ ጊዜ ደግሞ ባልዲዬን መትቼ እልል ብያለሁ፤ ሰው ቢሰማኝ ምን ይለኝ ነበር! እሳቸው አንድ ሳያስቀሩ ነበር የሚነግሩት። ሥራ የገባሽ ቀንማ አልቅሰው ነው የነገሩት።» እጇን ያዘቻት፤ ጣቶቿ ቀዝቃዛ ናቸው። «የእናትሽ ጉልበት እንዴት ሆነ?»

ደረጃ ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው። ማንም አያየኝም፣ ማንም አይጠይቀኝም ብላ ነው ያደገችው፤ ለካ አንድ የማታውቃት ሴት ጨለማ ሣጥን ውስጥ ተቀምጣ ሕይወቷን በሙሉ ስታዳምጥ ኖራለች። የሚያስደስት ነው የሚያስፈራ? ሁለቱም ነበር።

በማግስቱ ጋሼ ሽቦውን ቀጠሉ፤ የሣጥኗን ቁጥር ቀይረው የአሳንሰሩን የራሱን ሰጧት። ደረጃ ለብቻ ያስቀመጠቻቸውን የድሮ ጥሪዎች ከእውነተኛ አባታቸው ጋር አገናኘቻቸው፤ ዳታቤዙ አንዱንም ሳይመልስ ተቀበላቸው። የጥሪውንም ኮድ ገለበጠችው፦ መጀመሪያ ስልኩ ይጩኽ፣ ምዝገባው ይደርሳል። የቀረው መሞከር ነው። ጋሼ ጥሪ ክፍል ይቀመጣሉ፤ አንድ ሰው ውስጥ ገብቶ ቁልፉን መጫን አለበት። ጋሼ ሌላ ሜካኒክ ሊልኩ ሲሉ ደረጃ «እኔ ነኝ የምገባው» አለች። ጋሼ አልተከራከሯትም።

የፈሩት ይደርሳል። በሩ ፊት ብዙ ቆመች፤ አሮጊቷ ከጎኗ መወልወያዋን ተደግፋ «ግቢ ልጄ፣ እዚሁ ነኝ» አለቻት። ገባች። በሩ ተዘጋ። የብረትና የሳሙና ሽታ ነው። ከእግሯ በታች ያለውን ባዶ ነገር ላለማሰብ ግድግዳውን ያዘች። ቁልፉን ተጫነች።

መስመሩ ተከፈተ። ሽው ይላል፤ ስልክ ተቀባይዋ እንዳለችው። ከወዲያ ማዶ አንድ ሰው አንስቶ ዝም ብሏል፤ ትንፋሹ ይሰማል። እሷም የሚያዳምጥ ሰው እንዳለ ታወቃት።

«ወዳጄ…» አሉ ጋሼ፣ ከልማድ። አቋረጡት። ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

«እኔ ነኝ ጋሼ» አለች። «ይሰማል?»

በዚያ መስመር ላይ ድምፅ ሲመለስላቸው በሕይወታቸው የመጀመሪያው ነው።

«ይሰማል ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «ጥርት አድርጎ ይሰማል። በቃ ውጪ፣ ሠርቷል።»

ደረጃ ግን አልወጣችም። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ።

«ለእሱ ስለ እኔ ሲነግሩት ኖረዋል» አለች። «አሁን ለእኔ ስለ እሱ ይንገሩኝ።»

ሽውታው ቀጠለ።

«አባትሽ» አሉ ከዚያ፤ ድምፃቸው እየሳቀም እያለቀሰም፤ «አባትሽ አሳንሰር ይፈራ ነበር። ይጠግነዋል እንጂ አይሳፈርም፤ እስከ ጣሪያ በእግሩ ነበር የሚወጣው። ደረጃ የሚለውን ስም መጀመሪያ ያወጣነው ለእሱ ነው።»